የረቡዕ ክዳን

ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፤ ዊኒፔግ በረዶ ለብሳለች፤
ልጄ ማራኪ ከጓዳ ሆና «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ትለኛለች።
ተይው። አትዝጊው።
ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ማሞቂያ የጠበቅሁ ሰው ነኝ፤
ብርድ ሲጠና ቧንቧ እንዴት እንደሚያድር ማንም አያስተምረኝ።
ጥቂት ከፈት ታደርጊዋለሽ፤ ክር የምታህል ጠብታ፣
ጠብ... ጠብ... እያለች፣ እስኪነጋ ከማታ።
የሚሄድ ውሃ አይጋግርም፤
ላልፈነዳ ቧንቧ ደግሞ ምስጋና ይዞ የሚመጣ የለም።

ይህን የማውቅ ሰውዬ የራሴን ቧንቧ ረሳሁ።
የጥምቀት ማግስት ከደጅ በረዶ ስጠርግ አካፋዬን ጣልሁ፤
ላነሳው ጎንበስ ብል ግራ እጄ የሌላ ሰው ሆና ቀረች፣
እንደ እርጥብ ጓንት ተንጠለጠለች እንጂ አልታዘዘች።
«ግራ ገባኝ» ስል ኖሬያለሁ፣ ለግብሩ፣ ለቢሉ፣ ለሁሉ፤
ትርጉሙ የገባኝ ያን ጠዋት ነው፣ ግራዬ ሲሄድ በሙሉ።
አምቡላንስ ውስጥ ስሜን ጠየቁኝ። አጥናፍሰገድ።
ረጅም ነው፤ በግማሽ አፍ አይወጣም፤
«አጥ» ብዬ ቀረሁ፤ የቀረው ከሳምንት በፊት አልመጣም።

ድሮ ደመ ግቡ ይሉኝ ነበር፤ አሁን ደምህ ይቅጠን ተባልሁ።
አንዱ ክኒን ለዚያ፣ አንዱ ለግፊት፣ አንዱ ለስብ፣ ተቀበልሁ።
«እስከ መቼ?» ብዬ ሐኪሟን ብጠይቅ
«እስከ ሁልጊዜ» አለችኝ፣ ቅንጣት ሳትሳቀቅ።

ማራኪ ሰባት ጎጆ ያለው ሳጥን ገዛች፤
በየክዳኑ የቀኑን ፊደል በማርከር ጻፈች።
ዓርብን በአልፋው አ፤ እዚህ ለተወለደች ልጅ ማን ይፈርድባታል?
ዓይኑ ዓ ነው ብዬ አላረምኋትም፤
ፊደሉ ቢሳት ክኒኑ በልኩ ገብቷል።

የደረሰችብኝ ሮዌና ናት፣ የሳርጀንት ጎዳናዋ ፋርማሲስት።
«የሠላሳ ቀን ነበር የሰጠሁህ፤ አርባ ሁለት ቀን ቆየህ።
ይሄ ክኒን ይወልዳል እንዴ? ወይስ ሳትውጠው ዋልህ?»
በጣቷ ቆጠረች። ከሰባት ሁለት።
«የትኞቹን ቀናት?»
«ረቡዕና ዓርብ» አልኋት፤ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤
ከዚያ በኋላ... እረሳለሁ።»

የንስሐ አባቴ ግን በጣት አልቆጠሩም፤
«መድኃኒት ጾም አይገድፍም፤ ይህ ላንተ አዲስ አይደለም።
አሁን እውነቱን።»

እውነቱማ፣ አባ፣
ክኒኑን በዋጥሁ ቁጥር የአካፋው ድምፅ ይሰማኛል፤
ከመስታወቱ ውስጥ አፉ የተጣመመ ሰው ያፈጥብኛል።
በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ጤነኛ ልሁን ብዬ ነው፤
የጾምሁት እህል አይደለም፤ ያንን ሰውዬ ነው።

ዝም አሉ።
እሳቸውም ሌሊቱን ዳቦ ፋብሪካ ቆመው የሚያነጉ ሰው ናቸው፤
ከመስቀላቸው በላይ ዱቄቱ ነው የሚታየው ከጥፍራቸው።
«ቀኖናህ ይሄ ነው» አሉኝ፤ «ረቡዕና ዓርብ ትደውላለህ፤
ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ጋደም ስል፣
ከእንቅልፌ ትቀሰቅሰኛለህ።»

እደውላለሁ።
«ዋጥህ?»
«ዋጥሁ።»
ይዘጋሉ።

ዛሬ ማክሰኞ ማታ ነው። ማራኪ ተኝታለች። ቧንቧው ጠብ ይላል።
ግራ እጄ ሳጥኑን ደግፋ መያዝ ለምዳለች፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ እየተንቀጠቀጠች፤
ክዳኑን ግን አሁንም በጥርሴ ነው የምከፍተው፤
የረቡዕ «ረ» ከመነከስ ብዛት አንድ እግሯ ጠፍቷል።

ነገ ጫማዋን እያሠረች «እንዴት አደርህ?» ትለኛለች፤
ምንም አልሆነም፣ እላታለሁ።
ቧንቧውን ትዘጋና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።